ማባያው እሳቱን ይከተላል

ዛሬ የምናገረው ስለ ጥብስ ማባያ ነው። ጉዳዩ ለአዳራሽ ንግግር ያነሰ ሊመስል ይችላል። በእኛ በምዕራብ ሐረርጌ ዞን ግን ሥጋ ትንሽ ጉዳይ ሆኖ አያውቅም። ደገኛው ሰንጋውን ደጃፉ ላይ አስሮ በእጁ እያጎረሰ ያደልባል፤ ቆለኛው ፍየሉን ውሃና ቅጠል ፍለጋ ይነዳል፤ ሠርጉም፣ ዒዱም፣ ፋሲካውም ያለ ሥጋ አያልፍም። ይህን ያህል የተደከመበት ሥጋ ከእሳት ሲወርድ አጠገቡ ምን ይቀመጣል የሚለው ጥያቄ ቁም ነገር ነው። በአዲስ አበባ ትልልቅ ሱቆች ከካቻፑና ከማዮኔዙ ጎን ባርቤኪው ሶስ የተባለ ጠቆር ያለ፣ ወፍራምና ጣፋጭ ማባያ በጠርሙስ ይሸጣል፤ የበርገር ቤቶችም ያቀርቡታል፤ ጣዕሙን የለመደ ወጣትም እየበዛ ነው። እኔ የምከራከርበት ሐሳብ አንድ ነው። የጥብስ ማባያ የሚሠራው ለተወሰነ ሥጋና ለተወሰነ እሳት ነው፤ የሐረርጌ ሥጋና የከሰል ፍማችን ደግሞ ጠርሙሱ ከተሠራለት ሥጋና እሳት የተለዩ ናቸው። ስለዚህ የሚስማማንን ማባያ የምናገኘው ከበርበሬው ዛላ፣ ከሎሚውና ሮቃ ከተባለው የቆላ ፍሬ ተነሥተን ቤታችን ስንሠራው ነው።

ጠርሙሱን ለመረዳት የተወለደበትን ምድጃ ማየት ያስፈልጋል። በደቡባዊ የአሜሪካ ግዛቶች ባርቤኪው የሚባለው አጠባበስ ትልልቅ ብልቶችን፣ በብዙ ቦታ የአሳማ ትከሻን፣ በቴክሳስ ደግሞ የበሬ ፍርምባን፣ ከነበልባሉ አርቆ በጭስና በዝግታ ማብሰል ነው። የምድጃው ሙቀት ከ107 እስከ 121 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይያዛል፤ አንድ ሙሉ ፍርምባ 10 ሰዓትና ከዚያም በላይ ሊቆይ ይችላል። ስኳር የበዛበት ማባያ እንዲህ ባለ ለዘብተኛ ሙቀት ቶሎ አያርርም፤ ያም ሆኖ ጠንቃቃ ጠባሾች የሚቀቡት ሥጋው ሊወርድ ሲቃረብ ነው። በዚያው አገር እንኳ ማባያው አንድ ዓይነት አይደለም። በሰሜን ካሮላይና ምሥራቃዊ ክፍል ኮምጣጤ፣ ጨውና የሚያቃጥል በርበሬ ብቻ ተዋሕደው ይቀርባሉ፤ ቲማቲም አይገባበትም። በካንሳስ ሲቲ ግን ቲማቲሙ፣ ስኳሩና ሞላሰሱ በዝተው ማባያው ይወፍራል፤ ዓለም ባርቤኪው ሶስ ብሎ የሚያውቀው ይህን ነው። ሄንዝ በመላ አሜሪካ የሚከፋፈል የባርቤኪው ማባያ ለገበያ ያቀረበው በ1940 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት ማባያውን የሚያዘጋጀው በአብዛኛው ራሱ ጠባሹ ነበር። ስለዚህ ቤት ሥሩ ስል አዲስ ነገር አላመጣሁም፤ በጠርሙሱ አገርም የቀደመው ልማድ ይኸው ነው።

የእኛ እሳት ሌላ ጠባይ አለው። ሥጋው ተዘልዝሎ ወይም ተከትፎ ፍም ላይ፣ አለበለዚያ በጋለ ምጣድ ላይ ይወርዳል፤ በደቂቃዎች ውስጥም ይነሣል። የጋለ ፍም ላይ የተቀመጠ ብረት ከ250 ዲግሪ ማለፉ የተለመደ ነው። ተራ ስኳር 160 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መቅለም ይጀምራል፤ ማር ውስጥ በብዛት ያለው ፍሩክቶስ ደግሞ 110 ዲግሪ ገደማ ላይ። ከዚያ አልፎ ሲሞቅ ይጠቁራል፣ ይመራል። ለአሥር ሰዓት ዝግታ የተቀመመ ጣፋጭ ማባያ የእኛ ፍም ላይ ሲፈስ ሥጋው ሳይበስል ቅቡ ከሰል የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ የጠባሹ ስንፍና የለበትም። ከጣዕም ያለፈ ጉዳይም አለ። በ1999 እ.ኤ.አ. የሃዋይ ተመራማሪዎች የበሬ ሥጋ በተለያዩ ማባያዎች ነክረው ሲጠብሱ፣ በማር የጣፈጠው ባርቤኪው ሶስ በከፍተኛ ሙቀት ሥጋ ላይ ከሚፈጠሩትና ለካንሰር ያጋልጣሉ ተብለው ከሚጠረጠሩት ውህዶች አንዱን ወደ ሁለት እጥፍ፣ ሌላውን ወደ ሦስት እጥፍ ሲያሳድግ አገኙ። እርድና ነጭ ሽንኩርት የነበረበት መንከሪያ ግን ቀነሳቸው። አንድ ጥናት ሁሉን ነገር አይዘጋም፤ ምድጃው ሁልጊዜ የሚናገረውን ማጠናከሩ ግን ግልጽ ነው። ፍም ላይ የሚወርድ ሥጋ ከመጠበሱ በፊት ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርትና ቅመም ይበቃዋል፤ ጣፋጭ ነገር ካስፈለገ ቦታው ሥጋው ከእሳት ከወረደ በኋላ ነው።

ሥጋችንም የራሱ ጠባይ አለው። የሐረር ሰንጋ አዲስ አበባ ድረስ ስሙ የወጣው በአመጋገቡ ነው። የዞናችን የጨርጨር ደጋ ገበሬ በሬውን አርሶበት ሲያበቃ አስሮ ያደልበዋል፤ ከማሽላውና ከበቆሎው ማሳ ለማሳሳት የሚነቀለውን ቡቃያ፣ ቅጠሉን፣ አገዳውን፣ አረሙን ጥቂት በጥቂት እያቀረበ ወራት ይጠብቀዋል። ሰፊ የግጦሽ መሬት በሌለበት አገር ይህ የረቀቀ ዘዴ ነው፤ በሬው ብዙ አይንቀሳቀስም፣ መኖውም አያልቅበትም፣ ስቡም በጡንቻው መካከል ይገባል። እንዲህ ያለ ሥጋ ፍም ላይ ሲወርድ ራሱን በራሱ ያረሰርሳል፤ ከማባያው ቅባት አይፈልግም። የሚፈልገው ኮምጣጣና የሚያቃጥል ነገር ነው። ስቡ ምላስን ይሸፍናል፤ ኮምጣጣው ምራቅ አምጥቶ አፍን ያጥባል፤ በርበሬን የሚያቃጥለው ካፕሳይሲን ደግሞ በቅባት የሚሟሟ በመሆኑ ስብ ያለበት ጉርሻ ውስጥ ቃጠሎው ይለዝባል። ሰንጋው ብዙ ሚጥሚጣ የሚችለው ለዚህ ነው። የቆላው ፍየል በአንጻሩ ብዙ የሚራመድ ነው፤ ሥጋው ቀላ ያለ፣ ስቡ ጥቂት፣ ጣዕሙ ጠንካራ ነው። ለእሱ ኮምጣጣ ብቻውን ይደርቅበታል፤ ትንሽ ንጥር ቅቤ ወይም ዘይት የገባበት፣ ኮረሪማና ዝንጅብል የሚሸት ማባያ ይስማማዋል። አንድ ጠርሙስ ለሁለቱም አይሆንም። ቤቱ የሚሠራ ሰው ግን በአንድ ድስት መሠረቱን አብስሎ ለሁለቱ ሥጋ በሁለት መንገድ ሊጨርሰው ይችላል።

ለዚህ የሚሆነውን ጣዕም ምሥራቁ ከማንም አልተበደረም። ከደጋው አዋዜና ዳጣ መጥተዋል፤ በሶማሊው፣ በሐረሪውና በሐረርጌ ኦሮሞ ገበታ ደግሞ በስባስ የሚሉት፣ ከቃሪያ፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከሎሚና አንዳንዴም ከቲማቲም የሚፈጨው ማባያ አለ። ከሁሉ ይበልጥ ግን ቸል ያልነው ሮቃን ነው፤ በምሥራቁ ሁመር የሚሉት የቆላ ዛፍ ፍሬ። በሐረርና በድሬዳዋ ተዘፍዝፎ ይጠጣል፤ ከሥጋ ጋር ሲቀርብ ግን ብዙ ጊዜ አይታይም። ይህ ፍሬ ለጥብስ ማባያ የሚያስፈልጉትን ሦስት ነገሮች በአንድነት የያዘ ነው፤ ኃይለኛ ኮምጣጣነት አለው፣ የራሱ ስኳር አለው፣ ቀለሙም ጥቁር ቡናማ ነው። የጠርሙሱ ሶስ ጥቁረትና ጥልቀት ለማግኘት ሞላሰስ ይገባበታል፤ በብዙ የአሜሪካ ቤቶች ማባያውን የሚያጎለምሰው የእንግሊዞቹ ዎርስተር ሶስ ራሱ ሮቃ አለበት። እኛ ዘንድ ፍሬው ከቆላ ገበያ በሰሌንና በላስቲክ ተጠቅልሎ ይመጣል። ካለን ነገር ውስጥ ለጥብስ ማባያ ይህን ያህል የተመቸ ሌላ የለም ብዬ አምናለሁ።

ከዚህ ጋር የተያያዘ አንድ ነገር በተለይ ለዚህ አካባቢ ከባድ ትርጉም አለው። አዋዜን በጠጅ ወይም በአረቄ ማቅጠን በብዙ ክርስቲያን ቤቶች የቆየ ልማድ ነው፤ ጣዕሙንም አልክድም። በእኛ ከተሞች ግን ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ግቢ ይኖራሉ፤ በአንድ ሠርግ ላይ ሁለት በሬ ይታረዳል፣ ሁለት ምድጃ ይነዳል፣ ገበታውም ይለያል። ሥጋው በሃይማኖት ምክንያት አይገናኝም፤ ይህም የሚከበር ነው። ማባያው ግን ሥጋ የለበትም። በኮምጣጤና በሮቃ ኮምጥጦ የተሠራ፣ መጠጥ ያልነካው ማባያ ከአንድ ድስት ወጥቶ በሁለቱም ገበታ ላይ ሊቀመጥ ይችላል። የጠርሙሱ መለያ ላይ የተጻፈውን ለማንበብና ለማጣራት ከመጨነቅ፣ ጎረቤት ጎረቤቱ ፊት የሠራው ማባያ እምነት ይጣልበታል።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል፤ ማንሣቱም ተገቢ ነው። «የእኛ የምትለው ቲማቲም፣ የእኛ የምትለው በርበሬ ከውጭ የመጡ አይደሉም ወይ? በርበሬ ሲገባ ያልተቃወምን ሰዎች ጠርሙሱ ሲገባ ለምን እንቃወማለን?» ነገሩ እውነት ነው። በርበሬም፣ ሚጥሚጣም፣ ቲማቲምም የአሜሪካ አህጉር ተክሎች ናቸው፤ ወደ እኛ የደረሱት ከ1492 እ.ኤ.አ. በኋላ በተከፈተው የባሕር ንግድ ምክንያት ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ማዕዳችን ቃጠሎውን ከቁንዶ በርበሬ፣ ከጥምዝ፣ ከዝንጅብልና ከሰናፍጭ ያገኝ ነበር። ስለዚህ ክርክሬን በዘር ሐረግ ላይ አላቆምሁም፤ ያቆምሁት በመስማማት ላይ ነው። በርበሬ ኢትዮጵያዊ የሆነው አምጥተን ስለተቀበልነው ብቻ ሳይሆን ደጋግመን ስለሠራነው ነው፤ ዘሩን ለአየራችን መረጥን፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከበሶብላ ጋር ደቆስነው፣ ለእንጀራው በሚሆን መጠን አቁላላነው። ባርቤኪው ሶስ የሚለው ሐሳብም በዚህ መንገድ ከመጣ በደስታ እቀበለዋለሁ። ጥብስ አጠገብ የሚቀመጥ፣ ወፈር ያለ፣ ኮምጣጣና ጣፋጭ የተመጣጠኑበት ማባያ ጥሩ ሐሳብ ነው። ተዘግቶ የመጣ ጠርሙስ ግን ምንም የሚጨመርበት፣ ምንም የሚቀነስበት የለም። ድስት ላይ ያለ ማባያ ቅምሻን ይሰማል።

ቤት መሥራት ማለት በመጀመሪያ በርበሬውን በዛላው ማየት ማለት ነው። ጥሩ ዛላ ደማቅ ጥቁር ቀይ፣ ሲታጠፍ ቆዳ የሚመስል፣ ሲሰነጠቅ ውስጡ ንጹሕ ነው። የማረቆ ፋና ዓይነቱ በቀለሙና በቆዳው ውፍረት ተመራጭ የሆነው ለዚህ ነው። ዛላው ውስጥ ግራጫ ወይም ነጭ ሻጋታ ካለ ተፈጭቶ ሲቀላቀል ዓይን አያየውም፤ ሻጋታው የሚተወው አፍላቶክሲን የተባለ መርዝም በማብሰል አይጠፋም። በ1996 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የአዲስ አበባ ጥናት ከገበያና ከቀበሌ ሱቆች ከተሰበሰቡ 60 የተፈጨ በርበሬ ናሙናዎች በ8ቱ ውስጥ ይህን መርዝ አግኝቷል። የተፈጨ በርበሬ ላይ ባዕድ ነገር፣ የሸክላ ዱቄት ጭምር፣ መቀላቀሉም በአገራችን በተደጋጋሚ የተነገረ ወንጀል ነው። ፋብሪካ ከዚህ ነጻ ነው የሚል ካለ የብሪታንያን ታሪክ ያስታውስ። በ2005 እ.ኤ.አ. ሱዳን 1 የተባለ ለምግብ ያልተፈቀደ ቀለም ያለበት የበርበሬ ዱቄት ዎርስተር ሶስ ውስጥ ገብቶ፣ በዚያ ሶስ በኩል ወደ ሌሎች ምግቦች ተዛምቶ፣ ከ400 በላይ ዓይነት ምርቶች ከመደርደሪያ ተለቅመዋል። ቁጥጥር በጠነከረበት አገር ይህ ከሆነ፣ ዛላውን በእጁ የቀነጠሰ ሰው ያገኘው እርግጠኝነት ቀላል ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። አንድ ኪሎ የበሰለ ቲማቲም፣ ሁለት ትልልቅ ቀይ ሽንኩርትና አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት ከነልጣጫቸው ፍም ላይ ይቀመጡ። የቲማቲሙ ልጣጭ እስኪጠቁርና እስኪፈነዳ፣ ሽንኩርቱም ውስጡ እስኪለሰልስ እየተገላበጡ ይቆዩ። ይህን ደረጃ መዝለል አይገባም፤ የጠርሙሱ ሶስ የጭስ ሽታውን ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ከፈሳሽ ጭስ ነው፤ እኛ ግን ፍሙ ቀድሞ አለን፣ ሥጋው ከመምጣቱ በፊት ያለው እሳት ደግሞ ዝም ብሎ የሚባክን ነው። የጠቆረው ልጣጭ ይገፈፍ፤ ጥቂት ቢቀር አይጎዳም፣ ከበዛ ግን ማባያውን ያመርረዋል። በጎን መቶ ግራም ያህል የሮቃ ፍሬ በሁለት ስኒ ለብ ያለ ውሃ ግማሽ ሰዓት ተዘፍዝፎ በእጅ ይታሽና በወንፊት ይጠለል፤ ዘሩና ጭረቱ ይጣል። ብረት ድስት ላይ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ይግባና ሁለት የሾርባ ማንኪያ በርበሬ በጥቂት ውሃ ተበጥብጦ በዝግተኛ እሳት ላይ አሥር ደቂቃ ያህል ይቁላላ። የበርበሬው ቀለምም ቃጠሎውም የሚለቁት በቅባት ስለሆነ እዚህ ላይ መቸኮል ማባያው ጥሬ ጥሬ እንዲሸት ያደርጋል፤ እሳት ማብዛት ደግሞ ቀዩን ቡናማ አድርጎ ያመርረዋል። ውሃው ሲያልቅ ጠብ እያደረጉ መቀጠል ነው። የአገራችን ሴቶች በወጥ ላይ የሚያውቁት ሥራ ስለሆነ ከዚህ በላይ ማብራራት አያስፈልገኝም።

ከዚያ የተጠበሰው ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ቲማቲም ተደቁሶ ወይም ተፈጭቶ ይጨመር፤ አውራ ጣት የሚያህል ዝንጅብል ተፍቆ ይግባ፤ የሮቃው ውሃ ይከተል። ድስቱ ሳይከደን አርባ ደቂቃ ያህል እየተማሰለ ይንተክተክ፤ መጠኑ ወደ ግማሽ ይወርዳል። ግማሽ ስኒ ኮምጣጤ፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ኮረሪማና ጥቂት ቁንዶ በርበሬ በመጨረሻው አሥር ደቂቃ ይገባሉ፤ ማር ከሁለት የሾርባ ማንኪያ አይብለጥ። መድረሱ የሚታወቀው ቀዝቃዛ ሳሕን ላይ ጠብ ሲደረግ ዙሪያውን ውሃ ካልለቀቀ ነው። ለሰንጋው እንዳለ ወይም አንድ የሻይ ማንኪያ ሚጥሚጣ ተጨምሮበት ይቅረብ። ለፍየሉ ከመሠረቱ የሚበቃውን ወስዶ አንድ ማንኪያ ንጥር ቅቤ ማቅለጥ፣ በተደቆሰ በሶብላና በጥቂት ጤና አዳም ማዋዛት ነው። ማር ስላለበት ከጥብሱ በፊት ሥጋ ላይ አይቀባም፤ ሥጋው ከወረደ በኋላ ይቀርባል። መቀባቱ የግድ ካስፈለገ በመጨረሻው አንድ ደቂቃ ይሁን።

ከተቃውሞዎቹ ሁሉ የምፈራውም የማከብረውም የደኅንነቱን ነው። «ፋብሪካው ይለካል፣ ያፈላል፣ ያሽጋል፤ ቤት የተሠራ ማባያ ይመርዛል» ይባላል። ስጋቱ መሠረት አለው፤ ቦቱሊዝም የተባለውን ከባድ መመረዝ የሚያመጣው ባክቴሪያ ዘር በተራ ማፍላት አይሞትም፤ ዘሩን ለመግደል 121 ዲግሪና ግፊት ያለው ድስት ያስፈልጋል። በ1985 እ.ኤ.አ. ቫንኩቨር፣ ካናዳ ውስጥ በአንድ ምግብ ቤት በዘይት የተያዘ የተከተፈ ነጭ ሽንኩርት ከማቀዝቀዣ ውጭ ተቀምጦ 36 ሰዎችን ለዚህ በሽታ ዳርጓል። እኛ ዘንድ ጉዳዩ ይበልጥ ጥንቃቄ የሚፈልግበት ሌላም ምክንያት አለ። የዞናችን ከተማ ጭሮ 1800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ እዚያ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ስለዚህ ብልቃጥ በፈላ ውሃ ስናጸዳ መጽሐፍ ላይ በተጻፈው ጊዜ ላይ ስድስት ደቂቃ ያህል መጨመር ይገባል። ይህ ሁሉ ግን ቤት አትሥሩ ወደሚል መደምደሚያ አያደርስም፤ ኮምጣጣውን አትቀንሱ ወደሚል ያደርሳል እንጂ። ይህ ባክቴሪያ የአሲድ መለኪያው (ፒኤች) ከ4.6 በታች በሆነ ምግብ ውስጥ አያድግም። የቲማቲም ልኬት ብዙ ጊዜ በዚያ መስመር ዙሪያ ይዋልላል፤ ሽንኩርቱና ነጭ ሽንኩርቱ ከመስመሩ በላይ ናቸው። ስለዚህ በዚህ አሠራር ውስጥ ሮቃውና ኮምጣጤው ለጣዕም ብቻ የገቡ አይደሉም፤ ማባያው የሚጠበቅባቸው ናቸው። ልጆች ኮመጠጠ ብለው ቢያለቅሱ ከተባለው ልክ ሳያልፍ ማር ይጨመር፤ ኮምጣጤ ግን አይቀነስ። በተረፈ ትኩሱን በተቀቀለ ብልቃጥ አድርጎ ማቀዝቀዣ ውስጥ ማቆየት፣ በሦስት ሳምንት ውስጥ መጨረስ ነው። መብራት የሚቆራረጥበት ወይም ማቀዝቀዣ የሌለበት ቤት ለበዓሉና ለማግስቱ የሚበቃውን ብቻ ይሥራ። ንጥር ቅቤ የገባበት የፍየሉ ማባያ በዕለቱ ይበላ።

«ለመሆኑ ማን ይሠራዋል?» የሚለው ጥያቄ የሚመጣው በአብዛኛው ከሴቶች ነው፤ ትክክልም ነው። በርበሬ መቀንጠስ፣ ማጠብ፣ ማስጣት፣ መደቆስ፣ ማስፈጨት ለዓመታት በእነሱ ጫንቃ ላይ የኖረ ሥራ ነው፤ አሁን ደግሞ ሌላ ድስት ልጨምርባቸው የምመጣ ከሆነ ክርክሬ ግማሹን ክብር ያጣል። መልሴ ሁለት ነገር ነው። ከባዱ ሥራ በርበሬው ነው፤ እሱ ደግሞ ለወጥም ተብሎ በዓመት አንዴ ይዘጋጃል። ማባያው የሚጨምረው አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ነው፤ ከዚያም ግማሽ ያህሉ ድስቱ እየተማሰለ የሚንተከተክበት ጊዜ ነው። ሁለተኛው መልሴ ፍሙን ለሚያራግበው ሰው ነው። በአካባቢያችን ሥጋ መዘልዘልና መጥበስ የወንድ ሥራ ሆኖ የሚታይበት ቤት ብዙ ነው። ቲማቲሙና ሽንኩርቱ የሚጠበሱት በዚያው ፍም ላይ ነው፤ ሮቃውን ማሸትና ድስቱን ማማሰልም ልዩ እጅ አይፈልግም። ጥብሱን የሚሠራ ወንድ ማባያውንም ይሥራ፤ የሥጋውን ጠባይ ከእሱ ይበልጥ የሚያውቅ በዚያ ሰዓት የለምና።

ስለ ጣፋጭነት የሚነሣው ተቃውሞ ለስለስ ያለ ይመስላል፤ ልጆችና ወጣቶች ጣፋጩን ለምደዋል፣ ቤት የተሠራው አይጣፍጣቸውም ይባላል። ብዙዎቹ የጠርሙስ ባርቤኪው ሶሶች በሁለት የሾርባ ማንኪያ ውስጥ ከ12 እስከ 16 ግራም ስኳር አላቸው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ የተጨመረ ስኳር ከዕለቱ ጉልበት ሰጪ ምግብ ከአሥር እጅ አንዱን እንዳያልፍ፣ ቢቻል ግማሹን ብቻ እንዲሆን መክሯል፤ ይህም ለአዋቂ ሰው ወደ 50 ግራምና ወደ 25 ግራም ይጠጋል። አንድ ልጅ ሥጋውን እያጠቀሰ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ቢጨርስ ከ25 ግራሙ ድርሻ ግማሽ ያህሉ አልቋል፤ ከረሜላ እንደበላ ግን ማንም አይቆጥርበትም። ማርም በዚህ መመሪያ እንደ ስኳር ይቆጠራል፤ ማር ስለሆነ ብቻ ነጻ አያወጣም። ቤት የሚሠራ ሰው ያለው ጥቅም መጠኑን ማወቁ ነው። ከላይ በተናገርሁት ድስት ውስጥ ሁለት ማንኪያ ማር ለሦስት ስኒ ያህል ማባያ ይዳረሳል፤ በአንድ ማንኪያ ላይ የሚደርሰው ጥቂት ነው። ምላስ ደግሞ ይለመዳል፤ ማሩን ከበዓል በዓል እየቀነሱ ልጅን ወደ ሮቃው ጣዕም ማምጣት ይቻላል።

ቤት መሥራት ይወደዳል የሚለው የዋጋው ክርክር ብዙ አያቆየኝም። ቲማቲም በሚረክስበት ወቅት ገበያ ላይ እየተረገጠ ይበሰብሳል፤ በሚወደድበት ወቅት ደግሞ ማባያ የሚያሠራ አይሆንም። ስለዚህ ሲረክስ ገዝቶ አፍልቶ፣ ጨምቆ፣ ወደ ሳልሳ አወፍሮ ማቀዝቀዣ ውስጥ በረዶ አድርጎ ማስቀመጥ ነው፤ ከአዋሽ ሸለቆ የሚመጣው የመርቲ ሳልሳ በአገራችን ማዕድ ቤቶች የታወቀው ይህን ሥራ በፋብሪካ ስለሠራ ነው፤ ትኩስ ቲማቲም በታጣበት ጊዜ እሱን መጠቀምም ነውር የለበትም። ሮቃና ኮምጣጤ እስካሉ ድረስ ቲማቲሙ በግማሽ ቢቀነስም ማባያው ይቆማል። ካሮላይናዎቹ ያለ ቲማቲም ሲያቆሙት እንደኖሩ ከላይ አይተናል።

በመጨረሻ የሽያጭን ጉዳይ የማነሣው ይህን ማባያ ለመሸጥ የሚያስቡ ሰዎች እንደሚኖሩ ስለማምን ነው። የአዲስ አበባ–ድሬዳዋ መንገድ በዞናችን ያልፋል፤ ተጓዡ ጭሮና ሚኤሶ ላይ ቆሞ ይበላል፤ የሰንጋችንን ስም የሚያውቅ ሰው ከሰንጋው ጋር የሚሄደውን ማባያ ቢያገኝ ይገዛል። ለቤተሰብ መሥራትና ለማይታወቅ ሰው መሸጥ ግን አንድ ኃላፊነት አይደሉም። የራስ ቤት ድስት በቅምሻና በጥንቃቄ ይጠበቃል፤ ለሽያጭ የታሸገ ብልቃጥ ግን የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪውን መሥፈርት ማሟላት አለበት፤ ከዚያም በፊት የአሲድ ልኬቱ መታወቅ አለበት። ኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ ጭሮ ላይ አለ፤ ኬሚስትሪ በሚሰጥበት ተቋም የአሲድ መለኪያ ብርቅ መሣሪያ አይደለም። ስለዚህ ለዩኒቨርሲቲው መምህራን በይፋ የማቀርበው ጥያቄ አለኝ። ከመሰላ፣ ከበዴሳና ከሚኤሶ ቤቶች የሚመጡ የሮቃ ማባያ ናሙናዎችን የሚለካ አንድ ቀን በየሴሚስተሩ ይያዝ፤ የሮቃው መጠን፣ የኮምጣጤው መጠንና የተገኘው ልኬት ጎን ለጎን ተጽፎ በአማርኛና በኦሮምኛ ለሠሪዎቹ ይሰጥ፤ ከ4.6 በላይ የወጣው ድስት ስንት ማንኪያ ኮምጣጤ እንደጎደለውም እዚያው ይነገረው።